በቪትዝ ዋጋ መርሰዲስ

ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ዳታ የሚቆጥብ ይለፈው። ሰሞኑን «መምህር ፈራ» እያላችሁ የምትስቁብኝ ወዳጆቼ ግን፣ በተለይ ጠባሴ ሻይ ቤቷ በር ላይ የምትሰበሰቡት፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ከዚያ በኋላ ሳቁ፣ ችግር የለውም።

ወሬውን ላልሰማ ሰው፦ መኪና ልገዛ ነበር። ገንዘቡ የኔ አይደለም። በዲፕሎማ የሚያስተምር ሰው 1 ሚሊዮን 650 ሺህ ብር ከየት ያመጣል? ደሞዜ ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 11 ሺህ ብር ገደማ ነው። ምንም ሳልበላ፣ የቤት ኪራይ ሳልከፍል፣ ልጆቼ ደብተር ሳይጠይቁኝ ባስቀምጠው 150 ወር፣ ማለትም 12 ዓመት ተኩል ይፈጅብኛል። ገንዘቡ የታናሽ እህቴ ነው። በ19 ዓመቷ ቤይሩት ሄዳ፣ 11 ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው። ለፋሲካ ጠቅልላ ልትመጣ ነው። ብሩን ልካ እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ አንተ ታውቃለህ፤ ስመጣ የምሠራበት መኪና ፈልግልኝ።»

«የምሠራበት» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። እኛ አገር የመኪና ግዢ ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የምትረሳው እሷ ናት።

ፍለጋ ጀመርኩ። ያሰብኩት ቪትዝ ወይ አሮጌ ኮሮላ ነበር። ዋጋ ስጠይቅ ግን ራሴን ያዝኩ። ሃያ ዓመት ያለፋት ቪትዝ፣ በሯ ሲዘጋ እንደ ቆርቆሮ የምትጮህ፣ 1 ሚሊዮን ተኩል! ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። ቀድሞ የገባ መኪና ሁሉ፣ ያረጀውም የተጋጨውም፣ ወርቅ ሆነ። (ኤሌክትሪክ ግዛ ያላችሁኝ አላችሁ። በዚህ ብር የሚገኘውን ባትሪው የደከመውን ነው፤ መብራቱን ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ።)

ደላላው ድካሜን አይቶ ነው መሰለኝ አንድ ቀን ደወለ። «መምህር፣ ለምን በቪትዝ ትቃጠላለህ? በቪትዝ ዋጋ መርሰዲስ ላሳይህ» አለኝ።

ሄጄ አየሁት። እ.ኤ.አ. የ2003 ስሪት ኢ 240፣ መካኒኮች ደብሊው 211 የሚሉት። ብርማ ቀለም፣ የቆዳ ወንበር፣ በእንጨት ያጌጠ ዳሽቦርድ። የሄደው 312 ሺህ ኪሎ ሜትር። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፤ አልዋሹኝም፣ እግዜር ይስጣቸው። ኪሎውን አላስመለሱም። «312 ሄዷል፤ ግን ጀርመን ነው ልጄ፤ ለጀርመን ይሄ ማሟሟቂያ ነው» አሉኝ። 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብለው ጀምረው 1 ሚሊዮን 450 ሺህ ላይ ቆሙ።

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ነዳሁትና ልቤ ሄደ። በሩን ስዘጋው የደብረ ብርሃን ብርድም፣ የባጃጁ ጩኸትም፣ የደሞዝ ጉዳይም ውጭ ቀረ። መሪው በአንድ ጣት ይዞራል። ሁለት ተማሪዎቼ በባጃጅ ሲያልፉ አይተውኝ «ቲቸር!» ብለው ሲጮሁ ኮሌታዬን አስተካከልኩ። አዎ፣ አስተካከልኩ። በዚያች ደቂቃ ስለ እህቴ አንዲት ነገር አላሰብኩም። ስለዚህ ይህንን የምጽፈው መርሰዲስ የሚጠላ ሰው ሆኜ አይደለም። የነዳውን ሰው ስሜት አውቀዋለሁ። ለዚህም ነው የምከራከረው።

በማግስቱ መኪናውን አንድ ጋራዥ አስገባሁት። መካኒኩ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ የ2008 ዓ.ም. 10ኛ ሲ። ሂሳብ ላይ ያስለቀሰኝ ልጅ። አሁን እኔን ሂሳብ አስተማረኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ አንድ ሰዓት ያህል ቆየና እጁን እየጠረገ ወጣ።

«ቲቸር፣ ሞተሩ ጥሩ ነው» አለኝ።

ደላላው ፈገግ አለ።

«ጥሩው ሞተሩ ብቻ ነው» ብሎ ጨመረ።

ይህ መኪና እንደኛ አገር ፒክአፕ ባሌስትራ ላይ አይቆምም፤ እንደ ኮሮላም ሞላ ላይ አይቆምም። የቆመው አየር በተሞላ ጎማ ላይ ነው፤ የአየር ሰስፔንሽን ይሉታል። ምቾቱ የሚመጣውም ከዚያ ነው። ጎማ ደግሞ ሃያ ዓመት ሲሞላው ይሰነጠቃል፤ ጀርመንም ይሥራው ጃፓን። «ማታ አቁመውት ይደሩና ጠዋት ይዩት፤ በግራ በኩል ተንበርክኮ ነው የሚያገኙት» አለኝ ልጁ። የፊት ሁለቱ ሲቀየሩ 150 ሺህ ብር። ቀጥሎ ፍሬኑ። በዚያ ዘመን በወጣው ሞዴል ላይ ያለው ፍሬን በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚታገዝ ነው፤ ኤስ.ቢ.ሲ ይባላል። ፓምፑ ፍሬን ስንት ጊዜ እንደተያዘ ይቆጥራል! የተወሰነለት ቁጥር ሲሞላ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያበራል፣ ቀይሩኝ ይላል። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2006 ሞዴሉን ሲያሻሽል ይህንን ፍሬን ትቶታል። ያገለገለ ፓምፕ ተፈልጎ ከተገኘ 100 ሺህ ብር። ካምቢዮው በሽቦው መሰኪያ በኩል ዘይት ያፈሳል፤ ከነዘይት ቅየራው 25 ሺህ። ካንዴላ ደግሞ… ባለ ስድስት ሲሊንደር ስለሆነ ስድስት ካንዴላ አለው ብዬ ነበር። የለም! ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ሁለት፣ 12 ካንዴላ። 18 ሺህ ብር።

ደመርነው፦ 293 ሺህ ብር። ይህ እንግዲህ ዛሬ የሚታየው ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የማይታየውን፣ ኮምፒዩተሩን፣ ሽቦውን፣ ኩሽኔታውን፣ ጓርኒስዮኑን አልቆጠርንም።

አሁን ከኪሴ ጋር እናስተያየው። ከ1 ሚሊዮን 650 ሺህ ላይ 1 ሚሊዮን 450 ሺህ ስትቀንሱ 200 ሺህ ይቀራል። ደላላው 2 በመቶ ብሎኛል፤ 29 ሺህ። 171 ሺህ ቀረ። ስም ዝውውሩን እንርሳው። 293 ሺህ ለማውጣት 122 ሺህ ብር ይጎድለኛል፤ የኔ የ11 ወር ደሞዝ። መኪናው ገና አንድ ሰው ሳይጭን፣ እኔ ዓመት ሙሉ ያለ ደሞዝ ልኖር ነው ማለት ነው።

አንድ ሌላ ሂሳብ ደግሞ አለ፤ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። 11 ዓመት 132 ወር ነው። 1 ሚሊዮን 650 ሺህን ለ132 ስታካፍሉት 12 ሺህ 500 ብር ይመጣል። እህቴ አንድ ወር ሙሉ ሰው ቤት ውላ አድራ የምታተርፈው ይህችን ነው። ስለዚህ እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ መለዋወጫ በብር አልቆጥርም፤ በወር ነው የምቆጥረው። የፊት ሰስፔንሽን 12 ወር። የፍሬን ፓምፕ 8 ወር። ካምቢዮ 2 ወር። ካንዴላ አንድ ወር ተኩል ገደማ። እህቴ ማለት ሐምሌ 28 ቀን 2012 የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ መስታወት እየጠረገች የነበረች ልጅ ናት። በዚያው ሰሞን ስንቶቹ እህቶቻችን በአሠሪዎቻቸው እየተጫኑ ቆንስላ ጽሕፈት ቤታችን በር ላይ ሲጣሉ፣ ደሞዟ በግማሽ ተቆርጦም የሠራች ናት። ከዚያ ዘመን ላይ ሁለት ዓመት ልቁረጥና ለአየር ልስጥ? ጎማ ውስጥ ለሚሞላ አየር?

እሺ፣ አሁን ወደ እናንተ ክርክር ልምጣ።

የመጀመሪያው «ጀርመን አይሞትም» የምትሉት ነው። እውነት አለበት። ግሪክ ውስጥ አንድ የታክሲ ሹፌር እ.ኤ.አ. የ1976 ስሪት 240 ዲ መርሰዲስ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቶ በ2004 ለኩባንያው ሙዚየም አስረክቧል። ይህንን ሻይ ቤት ያወራችሁኝ እናንተው ናችሁ፣ እውነትም ነው። ግን ያ መኪና ኮምፒዩተር አልነበረውም፤ የአየር ሰስፔንሽንም፣ የሚቆጥር ፍሬንም አልነበረውም። ሰውየውም ሞተሩን ደጋግሞ እያስቀየረ ነው የነዳው። የአባትየውን ዝና ለልጁ አውርሳችሁ ነው የምታወሩት። የልጁም ሞተር ቢሆን ጠንካራ ነው፤ ልጁ መካኒክ መስክሯል። ኩባንያውንም አልወቅስም፤ ሃያ ዓመትና 312 ሺህ ኪሎ ሜትር ማንንም ያደክማል። ግን ተሳፋሪ ሞተር ላይ አይቀመጥም።

ሁለተኛው፣ «በቪትዝ ዋጋ ከተገኘ ርካሽ ነው» የምትሉት። እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የምንሸወደው። ይህ መኪና አዲስ ሳለ አውሮፓ ውስጥ ከ35 ሺህ ዩሮ በላይ ይሸጥ ነበር። የመኪናው ዋጋ አርጅቶ ወርዷል። የመለዋወጫው ዋጋ ግን አላረጀም፤ አሁንም ለ35 ሺህ ዩሮ መኪና እንደተሠራ ነው። የምትገዙት በቪትዝ ዋጋ ነው፤ የምታስተዳድሩት ግን በመርሰዲስ ዋጋ ነው። የቪትዝ ዕቃ ከጎረቤት ሱቅ ይገኛል። የዚህን ዕቃ ፍለጋ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መግባት አለብኝ፤ እዚያም «ነገ ና» ነው። ክፍለ ጊዜዬን ማን ይሸፍንልኛል? ርዕሰ መምህሩ ፍሬን ፓምፕ ፍለጋ ፈቃድ ይሰጡኛል?

ነዳጁንስ? ከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ14 ሊትር በታች አይበቃውም። ሊትሩን በ120 ብር እንያዘው (ከዚያ በላይ ነው፣ ይሁን)። 1,680 ብር። ቪትዝ 7 ሊትር ብትጠጣ 840 ብር። ልዩነቱ በቀን 840 ነው። እህቴ በወር 25 ቀን ብትሠራበት 21 ሺህ ብር በጭስ ይወጣል፤ ቤይሩት በወር ታጠራቅም ከነበረው በላይ። ተሳፋሪው ደግሞ ወንበሩ ቆዳ ስለሆነ ጨምሮ አይከፍልም።

ሦስተኛው ክርክራችሁ ከሁሉም ጠንካራው ነው፤ አልክድም። «እኛ አገር መኪና ዋጋው አይወርድም፤ ሁለት ዓመት ነድታችሁ አትርፋችሁ ትሸጡታላችሁ።» ለኮሮላና ለቪትዝ ልክ ነው፤ ጠዋት አውጥተህ ማታ ትሸጣለህ። ይህንን ግን ለማን? ሊብሬውን አገላብጬ አየሁት፦ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ባለቤት። ይህን ያህል የሚያተርፍ መኪና ከሆነ ሁሉም ለምን ይሸሸዋል? ባለቤቱን ስጠይቃቸው ለሽያጭ ካወጡት ሰባት ወሩ ነው። ሰባት ወር ያልመጣው ገዢ እኔ በቸገረኝ ቀን ይመጣል ብላችሁ ነው? አንድ የሥራ ባልደረባችን ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ምክር አንድ ያረጀ የቅንጦት መኪና ገዝቶ ነበር። ዛሬ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል፤ ሥሩ ዶሮ ታቅፋበታለች። ስሙን አልጠራም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እሱም «ዋጋው አይወርድም» ሲል ነበር። እውነቱን ነው፣ አልወረደም፤ የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ።

አራተኛው ክርክር ግን አናደደኝ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው የተባለው። «አንተ ሰው፣ መምህር ማለት እኮ በነጠላ ጫማ የሚሄድ ሆኖ ቀረ። የባጃጅ ሹፌር ይንቀናል፣ ተማሪ ይንቀናል፣ የተማሪ አባት ይንቀናል። አንዱ እንኳ መርሰዲስ ይዞ ግቢ ቢገባ የሁላችንም ክብር ነው።» አጨበጨቡለት። እኔም ለአፍታ ላጨበጭብ ነበር፤ ምክንያቱም ንቀቱ እውነት ነው። የቤት ኪራይ ስጠይቅ «ሥራህ ምንድነው?» ተብዬ፣ «መምህር» ስል ፊታቸው ሲቀየር አይቻለሁ። ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ።

ግን ወንድሞቼ፣ ልጠይቃችሁ። የናቀን ማነው? ደሞዛችንን የወሰነውን አካል ትተን ተማሪው እንዲያከብረን ብለን ከአንዲት የቤት ሠራተኛ ጓዳ ብር እንበደር? የእኔ ክብር በእሷ ላብ ይታጠብ? ተማሪው መርሰዲሱን ያከብራል፤ ኢንቲግሬሽን ሳስተምረው ግን ያው ይተኛል። መኪናው ሲበላሽስ? ተማሪዎቼ እየገፉልኝ ግቢ ስገባ ያን ቀን ክብራችን የት ነው የሚገባው? ለደሞዝ ተሰብስበን እንጩህ ካላችሁ አብሬያችሁ እጮሃለሁ። በእህቴ ብር ግን አልጮህም።

የራሱ ገንዘብ ያለው፣ መኪና የሚወድ፣ ሲበላሽም የማይጨነቅ ሰው ይግዛው። ምቾቱ የምር ነው፤ አደጋ ሲደርስ የሚከላከሉት ኤርባጎችም ብዙ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ አጥቦ የሚያየው ሰው ደስታውን አልነካም። እኔ የምናገረው አደራ ብር ስለያዘ ሰው ነው።

ባለፈው እሁድ እህቴ ደወለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ እንደነዳሁት፣ ኮሌታዬን እንዳስተካከልኩ፣ ደላላው «የእህትህን ስም የሚያስጠራ መኪና» እንዳለኝ ሁሉ። ፎቶውንም ላክሁላት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ይቺን መኪና አውቃታለሁ» አለችኝ። «ማዳም ጋ ነበረች። በፊት ቤት እያለሁ አራት ዓመት በየጠዋቱ አጥቤያታለሁ።»

«ታዲያ ጥሩ ናት?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ፤ ገብቼባት አላውቅም። ግን ጋራዥ ስትውል ሚስተሩ ሲሳደብ እሰማ ነበር።» ከዚያ ጠየቀችኝ፦ «ቢበላሽ እዚያ ማን ይሠራዋል?»

የኔን ተማሪ ጠቀስኩላት። «እሱ ራሱ አትግዙ ብሏል አላልክም?» አለችኝ። ሂሳብ አስተማሪው እኔ ነኝ፤ ሂሳቡን ግን ሁሉም ሰው ከኔ ቀድሞ ይሠራዋል።

ስለዚህ መልሴ ይኸው፦ አልገዛሁም፣ አልገዛምም። አሁን እያየሁ ያለሁት አንድ የ1999 ኮሮላ ነው። ቀለሙ ለቋል፣ አንዱ በር ባትላሜራ ገብቶ ወጥቷል፣ ራዲዮው አይሠራም። ልጁ መካኒክ ጉድጓድ አስገብቶት ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወጥቶ «አሞርዛተርና የፍሬን ሸራ፣ በቃ» አለኝ። ባለቤቱ 1 ሚሊዮን 300 ሺህ ይላል፤ ገና እየተከራከርን ነው። ቅዳሜ አብሮኝ ሄዶ የሚከራከርልኝ፣ አፉ የሚቀና ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ምሳ እኔ እጋብዛለሁ፤ ሽሮ ነው።

መርሰዲሱ እስከ ዛሬ ጠዋት አልተሸጠም። «መምህር ፈራ» ካላችሁት መካከል የራሱን ብር የያዘ ካለ የደላላውን ስልክ እሰጠዋለሁ። ስታዩት ግን ጠዋት ሂዱ፣ አዳሩን ሳይነሳ፤ በግራ በኩል ቁሙና እዩት።